ቁስሉን ከሕማሙ ሳይለዩ ስለ ማከም

በናይሮቢ ጎዳና ቦዳ ቦዳ ከሚባለው የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ወድቆ የእጁን አንጓ የሰበረ ሰው፣ አጥንቱ በሐኪም ተቃንቶ፣ ጀሶው በጊዜው ተፈትቶ፣ በራጅ ሲታይም ስብራቱ እንደሚገባ ገጥሞ ሳለ፣ እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየቀላ፣ እያበጠ፣ እያላበና እየተለበለበ ሄዶ የሸሚዙ እጅጌ ሲነካው እንኳ የሚያስጮኸው ሆኖ ቢገኝ፣ ከዚያም ቆዳው ሳስቶና አብለጭልጮ ውሃ ቢቋጥር፣ የቋጠረውም ፈርጦ ለወራት የማይደርቅ ቁስል ቢሆን፣ ይህ ሰው አቤት የሚለው ወደ ማን ነው? የአጥንት ሐኪሙ አጥንቱ መዳኑን ይነግረዋል፤ የቁስል ክፍሉ ፋሻውን ለውጦ ይሸኘዋል፤ መድኀኒት ቤቱ የተለመደውን ማስታገሻ ይሸጥለታል፤ ሁሉም በየድርሻው እውነትን ተናግሮና ሥራውን ሠርቶ ሳለ፣ ሰውየው ግን በበሽታው ላይ ተስፋ መቁረጥን ጨምሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሐኪሞች ሲአርፒኤስ ብለው የሚጠሩት፣ በአንድ እጅ ወይም በአንድ እግር ላይ ተተክሎ ከደረሰው ጉዳት ልክ እጅግ በበለጠ ሁኔታ የሚያሠቃየው ደዌ ይህ ነው። የዚህ ዳሰሳ ዐላማም ስለ ደዌው፣ ይልቁንም ደዌው ቆዳን ወደ ማቍሰል ሲደርስ ስለሚደረግለት ሕክምና እስከ ዛሬ የታወቀውን በሚዛን አቅርቦ፣ ይህ እውቀት እንደ ናይሮቢ ባለ ከተማ በምን መንገድ ሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል መመርመር ነው። የምንደርስበትን አስቀድመን ብንናገር፣ ቁስሉና ሕማሙ በአንድ ሐሳብና በአንድ እጅ ካልተያዙ በቀር ሁለቱም አይድኑም፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር ደግሞ በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ ተለያይቶ የተቀመጠ ነውና፣ የጎደለው የሚያገናኘው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ደዌው በታሪክ

በ16ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳይ ነገሥታት ቀዶ ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ፣ ንጉሥ ሻርል 9ኛ ከክንዱ ደም ሲወጣለት ስለቱ ነርቩን ስለ ነካው፣ ክንዱን ማጠፍም መዘርጋትም ተስኖት በብርቱ ሕመም መሠቃየቱን ጽፎ አልፏል። ነገሩን በጥልቀት የመረመረው ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በፊላደልፊያ ከተማ የነርቭ ቁስለኞችን ያክም የነበረው ሳይላስ ዊየር ሚቸል ነው። እርሱና ባልደረቦቹ በ1864 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በጥይት የተመቱ ወታደሮች ቁስላቸው ከሻረ በኋላ እጃቸውን እሳት እንደሚበላው ሲናገሩ፣ ቃጠሎውን ለማብረድ እጃቸውን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለው ሲውሉ፣ የወረቀት መንኮሻኮሽና የሰው ኮቴ እንኳ ሕመማቸውን ሲያብስባቸው፣ የእጃቸውም ቆዳ ቀጥኖ ሲያብለጨልጭ ማየታቸውን በዝርዝር አስቀመጡ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ትውልድ አንድ አንድ ገጽ ጨምሯል። በ1900 ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፓውል ዙዴክ በታመመው እጅ ውስጥ አጥንቱም እየሳሳ እንደሚሄድ በራጅ አሳየ፤ በ1916 ፈረንሳዊው ረኔ ለሪሽ ከሰው ፈቃድ ውጭ የደም ሥርንና ላብን የሚያዝዙት ነርቮች የነገሩ ሥር እንደ ሆኑ አስቦ እነርሱን በመቁረጥ ሊያክም ሞከረ፤ በ1946 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ኢቫንስ ይህንኑ አሳብ አስፋፍቶ ለደዌው ለግማሽ መቶ ዘመን ያህል የጸና ስም አወጣለት። ይሁን እንጂ የእነዚያ ነርቮች ድርሻ በሁሉ ሕሙማን ዘንድ አንድ ዓይነት ሆኖ ስላልተገኘ፣ ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1994 አሁን የሚጠራበትን ሲአርፒኤስ የሚለውን ስም ሰጠው፤ ነርቭ መጎዳቱ ያልታየበትን አንደኛው ዓይነት፣ የታየበትን ሁለተኛው ዓይነት ብሎም ከፈለው። በ2003 በቡዳፔስት የተሰበሰቡ ሊቃውንትም የመለያውን ሥርዐት አጠበቁት።

፪. ደዌው በምን ይለያል

የቡዳፔስት ሥርዐት ትልቁ ጥቅሙ ውድ መሣሪያ አለመጠየቁ ነው፤ ዐይን፣ እጅና ታጋሽ ጆሮ ያለው ሐኪም በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራበት ይችላል። በመጀመሪያ ከጉዳቱ ልክ ያለፈና የማያቋርጥ ሕመም መኖር አለበት። ቀጥሎ አራት ነገሮች ይመረመራሉ፤ እነርሱም ሲነኩት ከመጠን ያለፈ መታመም፣ የቆዳው ሙቀትና ቀለም ከሌላኛው ጎን መለየቱ፣ እብጠትና የላብ መለወጥ፣ እንዲሁም የእንቅስቃሴ መድከም ወይም የጠጕር፣ የጥፍርና የቆዳ መለወጥ ናቸው። ሕመምተኛው ከአራቱ በሦስቱ ቢያንስ አንድ አንድ ምልክት መናገር፣ ሐኪሙም በሁለቱ ቢያንስ አንድ አንዱን በዐይኑ ማየት ይገባዋል። የመጨረሻው ሁኔታ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል፤ ይኸውም ነገሩን ይበልጥ የሚገልጽ ሌላ በሽታ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው።

ደዌው ብርቅ ቢሆንም የማይገኝ አይደለም። በኔዘርላንድ ተደርጎ በ2007 የወጣ ጥናት በዓመት ከ100,000 ሰዎች መካከል 26 ያህሉ አዲስ እንደሚያዙበት፣ ሴቶችም ከወንዶች ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሚጠቁበት፣ ከመነሻዎቹም ሁሉ ስብራት ቀዳሚው እንደ ሆነ አሳይቷል። እንግዲህ የአጥንት ክፍሎቹ በሞተር ብስክሌት አደጋ በተሰበሩ ወጣቶች በሚሞሉባት በናይሮቢ፣ የሕሙማኑ ቍጥር ትንሽ ሊሆን እንደማይችል ማሰብ ይቀላል።

፫. ቁስሉ ከወዴት ይመጣል

የቆዳ መቍሰል ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም። በ1998 የወጣ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት ከ1,006 ሕሙማን መካከል እንደ ቁስል፣ እንደ ኢንፌክሽን፣ ሥር እንደ ሰደደ እብጠት ወይም ከፈቃድ ውጭ እንደሚመጣ የጡንቻ መኰማተር ያለ ከባድ መዘዝ የደረሰባቸው 74 መሆናቸውን አሳይቷል። ለእነዚህ ጥቂቶች ግን መከራው እጥፍ ድርብ ነው።

የቁስሉ አመጣጥ ከአንድ ምንጭ ብቻ አይደለም። የደም ሥሮቹ ትእዛዝ ስለሚዛባ ቆዳው አንድ ጊዜ በደም ተሞልቶ ይግላል፣ ሌላ ጊዜ ደም ርቆት ጠቍሮና ቀዝቅዞ ይገኛል፤ እብጠቱ ቆዳውን ወጥሮ ያቀጥነዋል፤ የሳሳው ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ይፈርጣል፤ የፈረጠውም አየርና ምግብ የሚያደርስለት ደም ስለሚያጣ ፈጥኖ አይሽርም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከፋው ግን ሕመሙ ራሱ ነው፤ ሰውየው ንክኪን ስለሚፈራ እጁን አያጥብም፣ ጥፍሩን አይቆርጥም፣ ክንዱን ከደረቱ ጋር አጣብቆ አያንቀሳቅሰውም፤ ያልተንቀሳቀሰ እጅ እብጠቱን አይለቅም፣ ያልታጠበ ቁስልም ያመረቅዛል፤ ቁስሉ ባመረቀዘ ቍጥር ሕመሙ ይብሳል፣ ሕመሙ በባሰ ቍጥር እንቅስቃሴው ይቀራል። ይህ ዑደት ካልተቋረጠ ፋሻ ብቻውን የትም አያደርስም።

በዚህ ላይ በምሥራቅ አፍሪካ በደንብ የታወቀውን የሥጋ ደዌን ቁስል አነጻጽሮ ማየት ይጠቅማል። በህንድ አገር በቬሎር የሠራው ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳሳየው፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እጅና እግር የሚቆስለው ስሜት ስለ ጠፋ፣ ሰውየው እሳቱንም እሾኹንም ሳያውቀው ስለሚቀር ነው። እዚህ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሕመም ያለ ልክ ስለ በዛ ሰውየው አካሉን ይተወዋል፣ የተተወው አካልም ይቆስላል። ከጥበቃ ሥራው አልፎ ሌባው ከሄደ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ መንደሩን እንቅልፍ የሚነሣ ዘብ ቢኖር፣ ዝም ካለው ዘብ ያላነሰ ጉዳት እንደሚያደርስ ሁሉ፣ ያለ ምክንያት የማያቋርጥ ሕመምም አካልን ከመጠበቅ አልፎ ያጠፋዋል።

ቁስል ያለበትን ሰው የሚመረምር ሐኪም ሌሎቹን ምክንያቶች ሁሉ አስቀድሞ ሊፈትሽ ይገባዋል። የስኳር በሽታ፣ የደም ሥር መጥበብ፣ ያበጡ የእግር ደም ሥሮች፣ የሥጋ ደዌ፣ በምዕራብ ኬንያና በባሕሩ ዳርቻ የሚበዛው የሲክል ሴል በሽታ፣ ብረት በገባበት አጥንት ውስጥ የተደበቀ ኢንፌክሽን፣ በአገራችንም ወጌሻ አጥብቆ በማሰሩ ደም ያጣ አካል፣ ሁሉም ሕመምና ቁስልን አጣምረው ሊያሳዩ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱን ሳያዩ ማለፍ እጅን ወይም እግርን ሊያሳጣ ይችላል።

ሕመምተኛው ቁስሉን በገዛ እጁ አድርጎታል የሚለው ጥርጣሬም በሐኪሞች ዘንድ አልፎ አልፎ ይነሣል። እንዲህ ያለው ነገር በእርግጥ ደርሶ የሚያውቅ ቢሆንም፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰብ ሊሆን አይገባውም። ጻድቁ ኢዮብ ከእግሩ እስከ ራሱ በቁስል ተመትቶ በአመድ ላይ በተቀመጠ ጊዜ፣ ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በዝምታ አብረውት መቀመጣቸው የሚያስመሰግናቸው ሲሆን፣ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት በእርሱ ኀጢአት ላይ መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን ከቁስሉ የባሰ ሕማም ሆኑበት። በዓይን የማይታይ ሕመም ያለበት ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው መታመንን ነው፤ ያልታመነ ሰው የሐኪሙን ምክር አይሰማምና፣ ማመን የሕክምናው ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።

፬. መድኀኒቶቹ በሚዛን

የእንግሊዝ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ በ2012 አውጥቶ በ2018 ያሻሻለው መመሪያ ሕክምናውን በአራት አዕማድ ላይ ያቆማል፤ እነዚህም ሕመምተኛውን ማስተማር፣ ሕመሙን ማስታገስ፣ አካሉን ማንቀሳቀስና መንፈሱን መደገፍ ናቸው። ከአራቱ ሁሉ ሊቃውንቱን ይበልጥ የሚያስማማው እንቅስቃሴ ነው። የዚሁ ክፍል የሆነው በመስተዋት የሚደረግ ሕክምና በቀላልነቱ ያስደንቃል፤ ሕመምተኛው መስተዋት በሁለቱ እጆቹ መካከል አቁሞ የታመመውን ከበስተኋላው ሸሽጎ ጤነኛውን እያንቀሳቀሰ ምስሉን ሲያይ፣ አእምሮው የታመመው እጅ ያለ ሕመም ሲንቀሳቀስ ያየ ይመስለዋል። ተመራማሪዋ ማክካብ በ2003 ደዌው ገና በጀመራቸው ሕሙማን ዘንድ ጠቃሚነቱን አሳየች፤ ሥር በሰደደባቸው ዘንድ ግን ውጤቱ እጅግ ደካማ ነበር። በ2004 ደግሞ ሎሪመር ሞዝሊ መጀመሪያ የእጅ ሥዕሎችን ግራና ቀኝ ለይቶ ማወቅን፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴን በአሳብ ማድረግን፣ በመጨረሻ መስተዋቱን በተራ የሚያስኬድ ሥርዐት አቀረበ።

ከመድኀኒት ወገን ማስረጃው ከምንመኘው ያነሰ ነው። ፕሬድኒሶሎን፣ በተለይ ደዌው ገና ትኩስና ያበጠ ሳለ፣ በ2006 በህንድ ከስትሮክ በኋላ በታመሙ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ከተራ ማስታገሻ ይበልጥ ረድቷል፤ ነገር ግን የቁስልን መሻር የማዘግየትና ኢንፌክሽንን የማባባስ ጠባይ ስላለው፣ ቁስሉ ባመረቀዘ ሰው ዘንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አጥንትን የሚያጠናክሩት ቢስፎስፎኔት የተባሉት መድኀኒቶች በጥቂት ጥሩ ጥናቶች ጥቅም አሳይተዋል። አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን ለነርቭ ሕመም በሰፊው ይሰጣሉ፤ ሌሊቱን ለማስተኛትም ያግዛሉ። ቫይታሚን ሲ በ1999 የእጅ አንጓ በተሰበረባቸው ሰዎች ዘንድ ደዌውን አስቀድሞ ይከላከላል ተብሎ ተስፋ ቢጣልበትም፣ በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ጥቅሙን አላገኘም። ኬታሚን በደም ሥር ለቀናት ሲሰጥ ሕመሙን ያቀልላል፣ ግን በ2009 እንደ ታየው ውጤቱ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይጠፋል። በአከርካሪ ላይ የሚተከለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ከ2000 ጀምሮ ጥቅሙ ቢታወቅም፣ ዋጋው ለአብዛኛው አፍሪካዊ የማይታሰብ ነው። በ2017 በእንግሊዝ የተፈተነው ጥቂት መጠን ያለው ኢሚውኖግሎቡሊንም ከባዶ መድኀኒት የበለጠ ውጤት አላሳየም።

ስለ መቁረጥም መናገር ግድ ነው፤ ሥቃዩ የበረታበት ሰው እጁን ወይም እግሩን ቍረጡልኝ ብሎ ይለምናልና። በ1995 በኔዘርላንድ የወጣ ጥናት ከተቆረጠው አካል ቀሪ ላይ ሕመሙ በአብዛኛው እንደሚመለስ፣ ሰው ሠራሽ አካል ለመጠቀም የቻሉትም ጥቂቶች መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ መቁረጥ የሕመም መድኀኒት ሊሆን አይችልም፤ ሕይወትን የሚያሰጋ ኢንፌክሽን ሲደርስ ብቻ፣ ያውም ሌላው መንገድ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

፭. ፋሻ ሲለወጥ

የቁስሉ ሕክምና ጥበብ የሚታየው ፋሻ በሚለወጥበት በዚያች ሰዓት ነው። ደረቅ ጎዝ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ሳለ አንዲት ነርስ በችኰላ ብትነቅለው፣ አዲስ የበቀለውን ሥጋ አብራ ትነቅለዋለች፤ ሕመምተኛውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የፋሻ ቀንን እንደ ፍርድ ቀን ይፈራዋል። ሥራውን የምታውቅ ነርስ ግን አስቀድማ ማስታገሻውን ትሰጠዋለች፤ በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ሆኖ ከተገኘም እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ትጠብቃለች። ከዚያ በክፍሉ ሙቀት ያለ ንጹሕ የጨው ውሃ በጎዙ ላይ በቀስታ ታፈስሳለች፤ ራሱ እስኪለቅ ትታገሣለች፤ ቀዝቃዛ ውሃ አትጠቀምም። በሚነቀልበትም ጊዜ ጫፉን የሚይዘው ራሱ ሕመምተኛው እንዲሆን ትፈቅድለታለች፤ ሰው በራሱ ላይ የሚሆነውን መምራት ሲችል ሕመሙ ይቀልለታልና። ማደንዘዣ ሊዶኬይን ቅባት ቁስሉን ያበርደዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከሥጋ ጋር የማይጣበቅ ሽፋን፣ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝም ቢሆን ይበቃል፤ ፋሻው ሳይጠብቅ ይታሰራል፣ እጁም ከልብ ከፍታ በላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሞርፊን አንድ ነገር መለየት ይገባል። ለዚህ ደዌ በየቀኑና ለረጅም ጊዜ መስጠቱ በማስረጃ የተደገፈ አይደለም፣ ጉዳቱም ይታወቃል፤ ለፋሻ መለወጫና ለእንቅስቃሴ ሰዓት ግን ለአጭር ጊዜ ተለክቶ ሲሰጥ ሌላውን ሕክምና ሁሉ የሚያስችል ይሆናል። ፊዚዮቴራፒስቱም የሚመጣበት ሰዓት ይኸው ቢሆን፣ ፋሻው በተፈታበትና ሕመሙ በረገበበት በዚያው ጊዜ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ይቻላል። ሁለቱን ሙያዎች በአንድ ሰዓት ማገናኘት ከውድ መድኀኒት ይልቅ ይጠቅማል።

፮. ናይሮቢ ያላትና የጎደላት

ናይሮቢ ባዶ እጇን አይደለችም። በ1901 ለአገሬው ሕዝብ የተከፈተው፣ በ1952 በንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ስም የተጠራው፣ ከነጻነት በኋላም ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የተባለው የከተማዋ ትልቁ የሕክምና ተቋም፣ የአጥንት፣ የነርቭ፣ የቆዳና የማደንዘዣ ክፍሎችን በአንድ ግቢ ይዞ ይገኛል። በዚያው ግቢ በ1990 የተቋቋመው ናይሮቢ ሆስፒስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕመም ማስታገስ የሠለጠኑ ነርሶችን አፍርቷል፤ የሞርፊን ዱቄት በፋርማሲ ተበጥብጦ በጠርሙስ የሚሰጥበትንም ልማድ አጽንቷል። ነገር ግን ሂውማን ራይትስ ዎች በ2010 ባወጣው ዘገባ፣ ከኬንያ 250 ያህል የመንግሥት ሆስፒታሎች በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን የሚገኝባቸው ሰባት ብቻ እንደ ነበሩ ገልጾ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የኬንያ የሆስፒስ ማኅበር ከመንግሥት ጋር ሆኖ አገልግሎቱን አስፋፍቷል።

ከተማዋ ስለሚዘልቅ ሕመምም ከመከራ ተምራለች። በነሐሴ 7 ቀን 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው ፍንዳታ በናይሮቢ 213 ሰዎች ሲሞቱ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት በመስታወት ስብርባሪና በፍርስራሽ ተጎድተዋል፤ ከዚህ የተረፉት ሰዎች ቁስላቸው ከሻረ በኋላ የሚቀረው ሕመም ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለከተማዋ አስተምረዋል።

የጎደለው ግን ብዙ ነው። ሕመምተኛው ከአጥንት ክፍል ወደ ቆዳ፣ ከቆዳ ወደ ፊዚዮቴራፒ እየተላከ ማታቱ በሚባለው የሕዝብ ታክሲ ተጋፍቶ ሲመላለስ፣ ሰው ሲጋፋው የሚደርስበትን ሕመም የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። በሐምሌ ወር የናይሮቢ ሰማይ በደመና ሲሸፈንና ብርዱ ሲበረታ፣ ብርድ የሚያብስበት ሕመምተኛ ቀጠሮውን ይተዋል። በከተማዋ የኢስሊ ሰፈር የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ደግሞ በዚህ ላይ የቋንቋ ችግር ይጨመርባቸዋል፤ የሚለበልብ፣ የሚጠዘጥዝና የሚነዝር ሕመምን ለይቶ መናገር ለምርመራው ዋና ነገር ሆኖ ሳለ፣ አስተርጓሚው ሁሉንም "ያመዋል" ብሎ ቢያልፈው ሐኪሙ የሚያስፈልገውን ሳይሰማ ይቀራል። ከ1966 ጀምሮ የነበረው የኬንያ የጤና መድን ተቋም በ2024 መገባደጃ በአዲስ ባለሥልጣን ቢተካም፣ ተደጋጋሚ የፊዚዮቴራፒና የፋሻ ወጪ የሕመምተኛውን ቤት ማናጋቱ አልቀረም።

፯. የሚያገናኝ ሥራ

መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በአዲስ አበባ በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁስል አጣቢውን፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ ፊዚዮቴራፒስቱንና ጫማ ሠሪውን በአንድ ግቢ አሰባስቦ መላው አፍሪካ እንዲማርበት አድርጓል። ያ ሥራ ያስተማረን ሥር የሰደደ ቁስል የአንድ ሙያ ብቻ ድርሻ አለመሆኑን ነው። ይኸው ሥርዐት ስሜት ከጠፋበት አካል ወደ ስሜቱ ያለ ልክ ወደ በዛበት አካል ቢዛወር፣ አዲስ ሕንፃና አዲስ መሣሪያ ሳይጠይቅ ሊሠራ ይችላል፤ በሳምንት አንድ ጧት የማደንዘዣ ሐኪም፣ የቁስል ነርስና ፊዚዮቴራፒስት በአንድ ክፍል ተቀምጠው ተራ በተራ ሕሙማኑን ቢያዩ፣ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

የጀሶ ሐኪሞችም ድርሻቸው ትልቅ ነው። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ከስብራቱ ልክ በላይ የሚያመውን፣ እጁ የቀላውንና ያበጠውን ሰው "ይሻልሃል" ብሎ ለሦስት ወር ከመሸኘት ይልቅ፣ በሁለተኛው ሳምንት መልሶ ማየትና ወደ ፊዚዮቴራፒ መላክ፣ ከዚያ ወዲያ ሊመጣ የሚችለውን ቁስል ሁሉ ሊያስቀር ይችላል። ወጌሻዎቻችንም አጥብቀው እንዳያስሩ፣ ጣት የቀዘቀዘበትንና የደነዘዘበትን ሰው ወደ ሐኪም ፈጥነው እንዲልኩ ማስተማር በብዙ ሺህ ብር መድኀኒት የማይገኝ ጥቅም አለው።

ደዌው ፈጽሞ የሚድንበት መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይሁንና ብዙዎቹ ሕሙማን በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በሚገባ ቢያዙ እየተሻላቸው እንደሚሄድ ይታወቃል። በናይሮቢም ሆነ በአዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ይህን የማይሽር ቁስል የሚያመጣውን ሕመም አምኖ ሁለቱን በአንድ ጧት ማየት ቢጀምር፣ ማስረጃው የሚፈቅደውን ያህል ሁሉ አድርጓል፤ ከዚያ ያነሰ ግን ለተሠቃየው ሰው የሚገባው ሕክምና አይደለም።